ጫማዋን ስታስተካክል

ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ፤ መነሳት ግን ወይ ፍንክች።

«እንደገና ይሞክሩት እስቲ፣ ጋሼ» አለኝ መካኒኩ ጭንቅላቱን ኮፈኑ ሥር እንደቀበረ።

ሞከርኩት። ያው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

«ይበቃል፣ ይበቃል። በስንት መከራ የሞላነውን ባትሪ መልሰን እንዳንገድለው።»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። ግቢው እንደገና ጸጥ አለ። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ የልጆቼ እናት ከሞተች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው።

መካኒኩን የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል። መኪና ሲያመጡለት እንደ ሌሎቹ ዘሎ መፍቻ አያነሳም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሚስቱ ስትጠራው አይሰማም፣ መኪና ስታቃስት ግን ከማዶ ሰፈር ይሰማል እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የማውቀው ዛሬ ጠዋት በሬን ሲያንኳኳ ደስ እንዳለኝ ነው። ሻይ አፈላሁለት። ጠጥቶ ሳይጨርስ ደገምኩለት። እቤቴ ከሬዲዮው ሌላ ድምፅ ከተሰማ ቆይቷል፤ ሬዲዮው ደግሞ ማውራት እንጂ ማዳመጥ አልፈጠረበትም። ስንት ጊዜ መልስ ሰጥቼው ሳይሰማኝ አልፏል።

እውነቱን ልናገርና፣ ብልሽቱ ቶሎ ባይገኝ ብሎ የሚመኝ አንድ ጎን ነበረኝ። ቶሎ ከተገኘ ጆሮ ቶሎ ይሄዳል። ሌላው ጎኔ ግን በየደቂቃው ሰዓት ያያል። እኩለ ቀን ላይ ልጄ ይመጣል፣ የሚመጣውም ብቻውን ሳይሆን መጎተቻ መኪና አስከትሎ ነው።

ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ በሩን ዘግቼ እሰድበው ነበር። ባለፈው ጊዜ መጥቶ ማድቤቱን አየ። የደረቀውን ዳቦ አየ፣ ከድስቱ ላይ ቆሜ የምበላበትን ማንኪያ አየ። ከዚያ ግቢ ወጣና አቧራ የለበሰችውን መኪና ዞር ዞር ብሎ አየ።

«አባዬ፣ ይሄ ቤት ከሰው ርቋል» አለኝ። «አውቶቡስ አይደርስበት፣ ሐኪም አይደርስበት። በዚች መኪና እየተንቀሳቀስክ ከሆነ እሺ፣ አልከራከርህም። ተነስታ አንተ ስትነዳት በዓይኔ ካየሁ እዚሁ ኑር። ካልተነሳች ግን እሷ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገዢው፣ አንተ ወደ እኛ ቤት። ክፍልህ ተዘጋጅቷል።»

«ሁለታችንንም በአንድ ቀን ልትጥለን ነው?»

«መጣል አይደለም፣ አባዬ። መውሰድ ነው።»

ክፍሉን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። የሕንፃው በር የሚከፈተው ቁጥር ተነክቶ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስሠራ የኖርኩ ሰው ቁልፍ በሌለበት ቤት ገብቼ ምን ልሆን? እዚህ ቢያንስ ከሳሎኑ ወደ መንገድ የሚያየው የሱቄ መስኮት አለ። ዛሬ ዛሬ ቁልፍ ሊያስቀርጽ የሚመጣ ሰው የለም፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። የልጆቼ እናት የሞተችው ሆስፒታል ነው፤ የኖረችው ግን እዚህ ነው። ማታ የመኝታ ቤቱን በር ስዘጋ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ አሁንም ቀስ አድርጌ ነው የምዘጋው። ይህን ለልጄ አልነገርኩትም። ብነግረው ያንኑ ዕለት ይዞኝ ይሄድ ነበር።

ጆሮ ለሞተሩ እሳት ከሚሰጡት ካንዴላዎች አንዱን ፈትቶ አወጣ። ከሽቦው ጋር እንደተያያዘ ሞተሩ ብረት ላይ አስጠጋውና እንዳዞር በጣቱ ምልክት ሰጠኝ። አዞርኩ። ሰማያዊ ብልጭታ ጠጭ ጠጭ አለ።

«እሳት አላት» አለ። ካንዴላውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። «ግን ደረቅ ነው። ይሄን ያህል አዙረን ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ነበረበት። ሞተር እኮ ብዙ አይፈልግም፣ ጋሼ። አየር፣ እሳትና ነዳጅ ነው። አየሩ የትም አለ፣ እሳቱን አየነው። የቀረባት ነዳጁ ነው።»

«ቤንዚንማ አላት። ጠቋሚው ከግማሽ በላይ ያሳያል።»

«መኖርና መድረስ ይለያያል።»

ቀና ብዬ አየሁት። የሚያወራው ስለ ቤንዚን ብቻ ነበር።

«አሁን ቁልፉን ግማሽ ብቻ ያዙሩት። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራ ያቁሙ። ትንፋሽዎንም ይያዙልኝ።»

ያዝኩለት። የኋላውን በር ከፍቶ ጆሮውን መቀመጫው ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ምንም። ቁልፉ ግማሽ ሲዞር እዚህ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ለአፍታ እምምም ማለት አለበት፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ። ያቺ ድምፅ የለችም።»

ከዚያማ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ፊውዙን ነቅሎ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ደህና ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ ፓምፑ የሚያቀብለውን ሪሌ በጣቱ ይዞ ቁልፉን አስነካኝ፤ ቀጭ አለ፤ እሱም ደህና ነው። የኋላ መቀመጫውን አነሳና ወደ ፓምፑ የሚገባውን ሽቦ በመሞከሪያ አምፖሉ ነካው። አምፖሏ አልበራችም። ቁጢጥ እንዳለ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ኤሌክትሪኩ ከፊት ይነሳል፣ ከኋላ አይደርስም። መሀል መንገድ ላይ ተቆርጧል። ጋሼ፣ የሌባ መከላከያ አስገብተውባት ያውቃሉ? የተደበቀ ማጥፊያ ነገር?»

«ነበረ። ተነቅሏል» አልኩት ቆፍጠን ብዬ።

ይህ ጉዳይ ድሮ ቤታችንን ያናጋ ጉዳይ ነው። መኪናዋን የገዛን ሰሞን መሪዋን የሚይዝ ቁልፍ በገዛ እጄ ሠራሁላት፤ ጥርሱን ሌላ ሰው ሊቀርጸው የማይችል። የልጆቼ እናት አላመነችበትም። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው በር ሁሉ ሻዩ ሳይበርድ ከፍተህ ስትመለስ እያየሁ ቁልፍ እንዴት አድርጌ ልመን?» አለችኝ። «ቁልፍ የሚያከብረው ጨዋ ሰው ነው። ሌባ ማለት እንዳንተ ያለ ነው፣ አንተን ይጠሩሃል፣ እሱ ሳይጠሩት ይመጣል፣ በቃ።» እኔ ሱቅ ስሠራ ወንድሟን አስመጥታ ነዳጅ የሚያቋርጥ የተደበቀ ማጥፊያ አስገባችባት። ስሰማ እሳት ጎረስኩ፣ እሳት ለበስኩ። የቁልፍ ሠሪ መኪና በሌላ ሰው ማጥፊያ ስትጠበቅ ሰው ቢሰማ ማን ሱቄ ይመጣል? ተኳረፍን። ያንን ነገር በእጄ አልነካም፣ የት እንዳለም አልጠይቅም ብዬ ማልኩ። በመጨረሻ «እሺ በቃ፣ አስነቅለዋለሁ» አለች። አሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም።

«የተነቀለበት ቦታ ላልቶ ይሆናላ» አለ ጆሮ። «የት ጋ ነበር?»

«አላውቅም። አይቼው አላውቅም።»

ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ግን የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም። መሪው ሥር፣ ዳሽቦርዱ ሥር፣ ሹፌር እጁ በሚደርስበት ሁሉ ዳበሰ። የለም።

«ሽቦው የሚያልፈው በጋቢናው በኩል፣ በምንጣፉ ውስጥ ነው። አይጥ በልቶትም ይሆናል። ወንበሩ ተፈትቶ፣ ምንጣፉ ተገንጥሎ መታየት አለበት። ጋራዥ ትግባ፣ ጋሼ። የቀናት ሥራ ነው። መጎተቻ ተጠርቶ...»

«መጎተቻው እየመጣ ነው» አልኩት። «የሚጎትታት ግን ወዳንተ ጋራዥ አይደለም።»

ነገርኩት። ልጄ ያለኝን፣ ክፍሉን፣ ቁርጥራጭ ብረት ገዢውን፣ ሁሉንም። ይህን ያህል ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው ሮጥ ብዬ ረጅም ሽቦ ላምጣ። ከባትሪው እስከ ፓምፑ በላይ በላይ እስበዋለሁ። ጥሩ ሥራ አይደለም፣ ለዛሬ ግን ካነሳት...»

«ልጄ ሽቦ ተጠምጥሞባት ካየ እኔንም በዚያው ሽቦ አስሮ ነው የሚወስደኝ።»

«ሳይመጣ እደርሳለሁ» አለና ዕቃውን የሹፌሩ ወንበር ላይ እንደዘረገፈው ወጣ። ጋራዡ ቅርብ አይደለም። እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እግሬ ዝሎ ነበር። የሹፌሩ ወንበር በመፍቻ ተሞልቷል፣ የኋላው መቀመጫ ተነስቷል። የቀረው ጋቢናው ብቻ ነው። በሩን ከፍቼ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። መኪናዋ አሮጊት እስክትሆን ድረስ አብረን ኖረን አንድም ቀን ከዚያ በኩል መንገድ አላየሁም። እጅ የሚይዘው መሪ የለም፣ እግር የሚረግጠው ነገር የለም። ሰው ዝም ብሎ ይወሰዳል። ወንበሩ ወደፊት ተስቦ ስለነበር ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ነካ፤ አጭር ነበረች። ወደ ኋላ ልገፋው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። የፀሐይ መከላከያውን ዝቅ ሳደርግ ትንሿ መስታወቷ ውስጥ ጢሙን ያልተላጨ ሽማግሌ አፈጠጠብኝ። መልሼ ከፍ አደረግኩት።

ከጎኔ ስትሆን ነገረኛ ነበረች። ቀስ በል፣ ፍጠን፣ ሰውየው ሊሻገር ነው፣ ታየዋለህ? ሞተር አስነስቼ ልሄድ ስቸኩል ደግሞ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስተካክላለች። ስንወርድም ያው ጫማ ነው። «ይሄ ጫማ ዕድሜ ልክሽን እምቢ እንዳለሽ ሊቀር ነው?» እላታለሁ። «እግሬ ነው እንጂ ጫማው ምን በደለ» ትለኛለች። ብቻዬን ስወጣ እንኳ ዝም ብላ አትሸኘኝም። የጋቢናውን በር ትከፍትና ወንበሯ ላይ የውሃ ጠርሙስ ስታደላድል ትቆያለች። ስመለስ ጠርሙሱን ልትወስድ ትመጣለች፣ አሁንም በሩን ከፍታ ጎንበስ ትላለች። ብጠጣውም ባልጠጣውም ተቆጥታኝ አታውቅም። ስለምትሳሳልኝ ነው እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

አብረን ለመጨረሻ ጊዜ የወጣነው እህቷን ልንጠይቅ ነው። ተመለስን፣ ግቢ ገባን፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጫማዋን አስተካከለች፣ ወረደች። በማግስቱ ወደቀችና አምቡላንስ ወሰዳት። የቀበርናት በሰው መኪና ሄደን ነው። ከዚያ ወዲህ ይቺን መኪና የነካት የለም።

እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ያየኝ የለም፤ የሚያየኝ ቢኖርማ መች አለቅስ ነበር። የምሄድ መሰለኝ። ቁጥር የሚነካበት በር፣ የሰው መስኮት የሚያይ መስኮት፣ በሌላ ሰው ቤት ማንንም ላለመረበሽ ቀስ ብሎ መራመድ። እዚህስ ቀስ የምለው ለእሷ ነው።

ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳያገኘኝ ፊቴን ጠረግኩና ልወርድ ተነሳሁ። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቷል። ጎንበስ ብዬ ስጎትተው የእጄ ጀርባ በበሩ በኩል ያለውን የወንበሩን ብረት ታከከው። ከብረቱ በስተጀርባ አንዲት ነገር አለች። ትንሽ፣ ቀዝቃዛ፣ ላይና ታች የምትል ነገር።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ ጣቴ ከዓይኔ ይቀድማል። ጫፏ በመነካት ብዛት ለስልሷል። ስንት ዓመት የኖረ ቁልፍ ብቻ ነው እንዲህ የሚለሰልሰው። ወደ ታች ተደፍታለች። ተዘግታለች ማለት ነው።

አልተነቀለችም። አንድም ቀን አልተነቀለችም።

«አንቺ ሴትዮ» አልኩ ጮክ ብዬ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ክርክሩን ለእኔ ሰጥታ ማጥፊያዋን ለራሷ አስቀርታለች። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ስንጎራደድ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ፣ በቀን ስንቴ፣ ጫማዋን ስታስተካክል ኖራለች። የውሃ ጠርሙሱም ገባኝ። እንግዲህ ለእኔ መሳሳት ይሁን ሌባን መፍራት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ የምትነግረኝ ራሷ ነበረች።

ጣቴን ማጥፊያዋ ላይ እንዳደረግኩ ቆየሁ። ልገፋት አልቻልኩም። ይቺን ለመጨረሻ ጊዜ የነካት እጅ የእሷ ነው። ልብሷን እህቷ ወስዳዋለች፣ ትራሷን ምራቴ አጥባዋለች፣ የጠጣችበትን ብርጭቆ እኔው ሳላስብ አለቅልቄዋለሁ። በዚህ ሁሉ ቤት እሷ እንዳደረገችው የቀረ ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ ከፍ ካደረግኩት እሱም ያበቃል። ካላደረግኩት ደግሞ መኪናዋም እኔም ከዚህ ግቢ እንወጣለን፣ ማጥፊያዋም ከቁርጥራጩ ጋር ትቀልጣለች። መንገዱ ላይ የከባድ መኪና ድምፅ ሰማሁ።

«ይቅር በይኝ» አልኩና ከፍ አደረግኳት። ቀጭ አለች።

የጆሮን መፍቻዎች ሰብስቤ መሬት ላይ አስቀመጥኩና በቦታዬ ገባሁ። ቁልፉን ግማሽ ብቻ አዞርኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ከኋላዬ ያቺ ንብ እምምም አለች። ከዚያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሳ።

ልጄ በሩን ከፍቶ ሲገባ መጎተቻው ከኋላው ደጅ ላይ ቆሟል። ግቢው መሀል ደርሶ ቀጥ አለ።

«ተነሳች?»

«ትሰማታለህ አይደል።»

«ምን ሆና ነው?»

«እናትህ ዘግታት ነው የሄደችው።»

ፊቱ ላይ አየሁት፤ ይሄ ሰውዬ ለየለት ብሎ አስቧል። ወርጄ እጁን ያዝኩና ወደ ጋቢናው በር ወሰድኩት። እንዲያጎነብስ አደረግኩትና ጣቱን ከወንበሩ ብረት ጀርባ አስነካሁት። መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ እንዳጎነበሰ ቀረ።

«ጫማዋን...» አለ። አልጨረሰውም።

«አዎ» አልኩት።

ጆሮ ሽቦውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ እያለከለከ ደረሰ። ከመንገዱ ጫፍ እንደሰማት ነገረን፣ የኋላውን መቀመጫ ቦታው መለሰ፣ የቀረውን ሻይ ቀዝቃዛውን ጠጣና ሄደ። እንዲቆይ ለመንኩት፤ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነበር።

ልጄ በዓይኑ ማየት ነበረበትና ልነዳ ተዘጋጀሁ። ወደ ጋቢናው ሄደ፣ ወደፊት የተሳበውን ወንበር አየ፣ በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋው። ከኋላ ገብቶ እንደ ልጅነቱ መሀል ላይ ተቀመጠ። ሰፈሩን ዞርን። ቀስ በል፣ ፍጠን የሚል አልነበረም። በመስታወቱ ሳየው ወደ ውጭ ያያል፣ ዓይኑን ይጠርጋል። ስንመለስ መጎተቻውን በባዶው ሸኘው።

«ቃሌ ቃል ነው፣ አባዬ። እዚሁ ኑር» አለኝ። «ግን ማጥፊያዋን ጆሮ ነቅሎ ቀጥታ ያገናኛት። ትረሳታለህ። መንገድ ላይ ያስቀርሃል።»

«አልረሳትም።»

ሳመኝና ሄደ። የግቢውን በር ዘጋሁ።

መኪናዋ አሁንም ትሠራ ነበር። ገብቼ አጠፋኋት። ያ የማውቀው ጸጥታ ተመልሶ መጣ። እዚያው ልቀመጥ አሰብኩ፣ ግን መኪናዋ ብትቆምም ሥራው አላለቀም፤ ከቦታዬ ሆኜ ደግሞ እጄ ማጥፊያዋ ጋ አይደርስም። ወረድኩ፣ በፊት በኩል ዞርኩና በሯን ከፈትኩ። በሕይወት ሳለች በር ልከፍትላት ስነሳ «ተው፣ እጄ አልተቆረጠ» ብላ ሳልደርስ ትወርድ ነበር። በሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። የተቆጣኝ የለም። ጎንበስ ብዬ ዘጋኋት።